የጌም ኮምፒውተር ፕሮፎርማ አነባበብ፦ ስም ያልተጻፈባቸው ሁለት መስመሮች

ዛሬ ቅዳሜ ነው፣ ኒውዮርክም ዝግ ነው፤ ቡናና ሰሊጡን ለሰኞ እናቆየው። በዚህ ሳምንት በውስጥ መስመር አንድ ጥያቄ ደርሶኛል። ለጠያቂው ብቻ መልሼ ከምተወው ብዙዎቻችሁ ቤት ያለ ጉዳይ ስለሆነ እዚሁ አወጣሁት።

ጠያቂው የአንድ ዩኒየን ሒሳብ ሹም ናቸው። ልጃቸው ፈተናውን በጥሩ ውጤት ካለፈ ጌም የሚያጫውት ኮምፒውተር እገዛልሃለሁ ብለው ቃል ገብተው ነበር፣ ልጁም አለፈ። ከአንድ ሱቅ ፕሮፎርማ አስወጥተው ላኩልኝና "አንተ ዋጋ ስታይ ስለምትውል እስቲ እየው፣ እየተበላሁ ነው ወይስ ደህና ነው?" አሉኝ። ገንዘቡ ቀላል አይደለም፤ የብዙ ወር ቁጠባ ነው። የሱቁን ስም አልጠቅስም፤ ወረቀቱም ከሌሎች ሱቆች ወረቀት ብዙ የተለየ አይደለም።

ፕሮፎርማው የሚለው ይህን ነው፦ ኮር አይ7 ፕሮሰሰር፣ 32 ጊጋ ራም፣ 1 ቴራ ኤስኤስዲ፣ ባለ መብራት ኬዝ ከ6 ፋን ጋር፣ 4 ጊጋ ግራፊክስ፣ 500 ዋት ፓወር ሰፕላይ። በቃ።

አሁን በእኛ ዓይን እንየው። አንድ አቅራቢ "ሲዳማ ቡና፣ 320 ኬሻ" ብሎ ብቻ ቢጽፍላችሁ ትፈርማላችሁ? ደረጃው ስንት ነው፣ የታጠበ ነው ያልታጠበ፣ የየትኛው ዓመት ምርት ነው፣ እርጥበቱስ ትላላችሁ። ይህም ወረቀት እንደዚያው ነው። ጮክ ብለው የተጻፉት ነገሮች (አይ7፣ 32 ጊጋ፣ መብራት፣ 6 ፋን) ለጆሮ የሚጥሙት ናቸው። ስም የሌላቸው ሁለት መስመሮች ግን አሉ፣ ግራፊክሱና ፓወር ሰፕላዩ። ኮምፒውተሩ ጌም ያጫውታል ወይስ አያጫውትም የሚለውን የመጀመሪያው፣ ዓመት ይከርማል ወይስ ይቃጠላል የሚለውን ሁለተኛው ይወስናል። ሻጩ የቆጠበው እነዚህ ላይ ነው ማለት ነው።

ውስጡ የሚሆነው ነገር

የእሸት ቡና ማጠቢያ ጣቢያ ያላችሁ ሰዎች ይህን ቶሎ ትረዱታላችሁ። መፈልፈያው የቱንም ያህል ፈጣን ቢሆን የማድረቂያ አልጋው ካነሰ የጣቢያው አቅም የአልጋው አቅም ነው። ትርፍ መፈልፈያ መግዛት ገንዘብ መቅበር ነው።

ጌም ማለት በሰከንድ ውስጥ ደጋግሞ አዲስ ሥዕል መሣል ነው። ፕሮሰሰሩ ተጫዋቹ የት እንደቆመ፣ ኳሷ ወዴት እንደሄደች ያሰላል። ግራፊክስ ካርዱ ያንን ተቀብሎ ሥዕሉን ይሥላል። በሰከንድ 60 ሥዕል ከተፈለገ (ዓይን ለስለስ ብሎ የሚያየው ከዚያ ጀምሮ ነው) ለአንድ ሥዕል ያለው ጊዜ 16.7 ሚሊ ሰከንድ ብቻ ነው። ካርዱ አንዱን ሥዕል ለመጨረስ 50 ሚሊ ሰከንድ ከወሰደበት በሰከንድ የሚወጣው 20 ሥዕል ነው። ፕሮሰሰሩ አይ7 ይሁን አይ9፣ ራሙ 32 ይሁን 64፣ ያው 20 ነው። አልጋው ጠቧላ።

ስለዚህ ጌም ለማጫወት በሚገዛ ኮምፒውተር ትልቁ ድርሻ ለግራፊክስ ካርድ ነው የሚሄደው። ለቢሮ፣ ለፒችትሪ፣ ለኤክሴል የሚገዛ ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው፤ እዚያ ካርድም አያስፈልግም።

"አይ7" ምን ማለት ነው?

ለብቻው ምንም ማለት አይደለም። የመጀመሪያዎቹ አይ7 ፕሮሰሰሮች ከወጡ ከ15 ዓመት በላይ ሆኗል። የምርት ዘመኑን የሚነግራችሁ ከሰረዙ በኋላ ያለው ቁጥር ነው። አይ7-4770 ከሆነ 4ኛ ትውልድ ነው፣ በ2013 እ.ኤ.አ. የወጣ፣ 4 ኮር ያለው። አይ5-12400ኤፍ ከሆነ 12ኛ ትውልድ ነው፣ የ2022፣ 6 ኮር። ሁለተኛው "አይ5" ተብሎ ለጆሮ ያነሰ ይምሰል እንጂ የመጀመሪያውን በሰፊው ይበልጠዋል። የአሥር ዓመት ቡና ከዘንድሮ ቡና ጋር በስም ብቻ አይወዳደርም አይደል?

የዘመኑ ጉዳይ ሌላም መዘዝ አለው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ በይፋ የሚቀበለው ከኢንቴል 8ኛ ትውልድና ከኤኤምዲ ራይዘን 2000 ተከታታይ ወዲህ ያለውን ነው። ልጆቹ የሚወዷቸው አንዳንድ ጌሞች፣ ለምሳሌ ቫሎራንት በዊንዶውስ 11 ላይ፣ የማዘርቦርዱን የደኅንነት ቺፕና ሴኪዩር ቡት የሚባለውን ካላገኙ አይከፈቱም። ያ የ2013 አይ7 ርካሽ ቢሆንም ልጁ መጀመሪያ የሚከፍተው ጌም እምቢ ሊለው ይችላል።

ለአነስተኛ በጀት እኔ የምመርጠው ራይዘን 5 5600 ነው። 6 ኮር፣ 65 ዋት፣ ማዘርቦርዱ በገበያ ላይ ሞልቶ የተረፈ፣ ዲዲአር4 ራም የሚወስድ። ካልተገኘ አይ5-12400ኤፍ። ሁለቱም የራሳቸው ግራፊክስ የላቸውም፤ ካርድ ከሌለ ስክሪኑ ጥቁር ነው የሚሆነው፣ ይህን አስቀድማችሁ እወቁ። 5600ጂ የሚባለው የራሱ ትንሽ ግራፊክስ አለው። በጀቱ ዛሬ ካርድ ድረስ የማይደርስ ሰው በእሱ ጀምሮ ቀለል ያሉ ጌሞችን እየተጫወተ ካርዱን ከስድስት ወር በኋላ ቢጨምር አላዝንም።

የግራፊክስ መስመር

"4 ጊጋ ግራፊክስ" የሚለው የመጋዘን ስፋት ነው እንጂ የማሽን ጉልበት አይደለም። በ2014 የወጣው ጂቲ 730 ባለ 4 ጊጋ አለው። ጂቲኤክስ 1650ም 4 ጊጋ አለው። የመጀመሪያው ቪዲዮ ለማሳየት ነው፣ ሁለተኛው ጌም ያጫውታል። ፕሮፎርማው ላይ ግን ሁለቱም "4 ጊጋ ግራፊክስ" ተብለው ይጻፋሉ። ስሙንና ቁጥሩን በሙሉ ሳታዩ ብር አትቁጠሩ።

በሙሉ ስል በሙሉ ነው። አርኤክስ 580 የሚባል የኤኤምዲ ካርድ አለ፣ የ2017 ምርት፣ 2,304 ኮር ያለው፣ ለጊዜው ጥሩ ካርድ ነበር። በ2018 ደግሞ ለቻይና ገበያ በዚያው ስም ጫፉ ላይ "2048ኤስፒ" የተጨመረበት ወጣ። 2,048 ኮር ማለት የታናሹ የአርኤክስ 570 ልክ ነው። ከሱቅ ሱቅ ሲዞር ጫፉ ላይ ያለችው ቁጥር ትጠፋለች፣ "580" ብቻ ትቀራለች። የሁመራን ሰሊጥ ስም ለሌላ አካባቢ ሰሊጥ መስጠት ማለት ነው። ከዚህም የባሰ አለ፦ የድሮ ካርድ ውስጡ ተነካክቶ ኮምፒውተሩ ላይ በአዲስ ካርድ ስም እንዲነበብ የተደረገ። ጂፒዩ-ዜድ የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ፤ ሐሰተኛ የኤንቪዲያ ካርድ ሲያገኝ ስሙ ፊት "ሐሰተኛ" የሚል ምልክት ያስቀምጣል። ፍላሽ ላይ ይዛችሁ ሂዱ።

እንግዲህ የቱን? በብር ዋጋ አልጽፍም። ከጁላይ 2024 ወዲህ ምንዛሬው በገበያ ስለሚወሰን ዛሬ የጻፍኩት በሚቀጥለው ወር ያሳስታችኋል። ለማነጻጸሪያ እንዲሆናችሁ ሲወጡ የተተመነላቸውን የዶላር ዋጋ ልስጣችሁ። አርኤክስ 6600፣ 8 ጊጋ፣ በኦክቶበር 2021 በ329 ዶላር ወጣ። አርቲኤክስ 3060 ባለ 12 ጊጋው በፌብሩዋሪ 2021 በዚያው 329 ዶላር። አርቲኤክስ 5060 ባለ 8 ጊጋ በሜይ 2025 በ299 ዶላር። ያገለገለ 6600 ወይም 3060 ከአዲስ 5060 ጋር እኩል ዋጋ የሚጠይቃችሁ ሻጭ ካለ "ወንድሜ፣ የከረመ ነው እኮ" በሉት።

የኔ ምርጫ ያገለገለ አርኤክስ 6600 ነው። ምክንያቱ ፍጥነቱ ብቻ አይደለም፤ የሚበላው 132 ዋት ነው። ለእኛ አገር መብራት ይህ ትልቅ ነገር ነው፣ ወደዚያ እመጣለሁ። 3060ው 170 ዋት ይበላል፣ ግን 12 ጊጋ ስላለው ልጁ ቪዲዮ ማቀናበርና ሦስት ገጽታ ያላቸው ሥዕሎች መሥራትም ካሰበ እሱ ይሻላል። ከዚያ በታች ከሆነ ጂቲኤክስ 1660 ሱፐር፣ 6 ጊጋ። ከእሱ በታች ያሉትን ጂቲኤክስ 1060 እና 1070 እኔ ዛሬ አልገዛም። ኤንቪዲያ ለዚያ ትውልድ መደበኛ የጌም ማሻሻያ ማውጣቱን በኦክቶበር 2025 ጨርሷል፤ ከዚህ በኋላ የደኅንነት ማስተካከያ ብቻ ነው የሚመጣው።

የኢንቴል አርክ ቢ580 (12 ጊጋ፣ ሲወጣ 249 ዶላር) በወረቀት ላይ ያምራል። ግን ጥሩ የሚሠራው በአዳዲስ ማዘርቦርድ ላይ "ሪሳይዘብል ባር" የሚባለው ሲበራ ነው። ከድሮ ኮምፒውተር ጋር አታጣምሩት።

የፓወር ሰፕላይ መስመር

እዚህ ላይ ቀስ በሉ። ሰው ሁሉ የሚቆጥበው እዚህ ነው፣ ሌላውን ዕቃ ሁሉ ይዞ የሚሄደውም ይሄው ነው።

"500 ዋት" ተብሎ በትልቁ የተጻፈው ጎኑ ላይ ነው። እናንተ ግን ገልብጣችሁ በትንሹ የተጻፈውን ሠንጠረዥ አንብቡ። እዚያ ላይ 12 ቮልት የሚል ዓምድ አለ፣ ከሥሩ የአምፔር ቁጥር። ፕሮሰሰሩም ካርዱም የሚበሉት ከዚህ መስመር ነው፤ ሌሎቹ መስመሮች ዛሬ ብዙም ሥራ የላቸውም። ሒሳቡ ማባዛት ብቻ ነው። 12 ቮልት በ18 አምፔር ቢል 216 ዋት ነው። ጎኑ ላይ 500 ይበል እንጂ ለእናንተ የሚሆነው 216 ነው። 12 ቮልት በ40 አምፔር ካለ 480 ዋት ነው፤ 500 ያለው እውነቱን ነው ማለት ነው።

አሁን ፍላጎቱን እንደምር። አርኤክስ 6600 132 ዋት። ራይዘን 5600 ሲሠራ ወደ 75 ዋት ገደማ። ማዘርቦርድ፣ ራም፣ ኤስኤስዲና ፋኖች አንድ ላይ 50 እንበላቸው። ድምሩ ወደ 257 ነው። በ216 ዋት ጋሪ ላይ 257 ጭናችሁ ዳገት ልትወጡ ነው። መጀመሪያ ጌሙ መሃል ላይ ኮምፒውተሩ በራሱ ይጠፋል፣ ልጁ "ሀንግ አደረገ" ይላል። ቆይቶ አንድ ቀን የሽታ ጉዳይ ይመጣል።

ስለዚህ ከ450 እስከ 550 ዋት እውነተኛ የሆነ፣ አምራቹ የሚታወቅ ይግዙ፤ ኮርሴር፣ ሲሶኒክ፣ ኩለር ማስተር፣ ኤምኤስአይ የመሳሰሉት። "80 ፕላስ" የሚል ምልክት ይፈልጉ። ምልክቱ የሚናገረው ስለ ብክነት ነው፣ ከግድግዳ የወሰደውን መብራት ምን ያህሉን ለሥራ እንደሚያውል፤ ስለ ዕድሜው ዋስትና አይሰጥም። ቢሆንም ምልክቱን ለማግኘት የተፈተነ ዕቃ ምንም ካልተፈተነው ይሻላል። ብሮንዝ ይበቃል፣ ጎልድ ለማግኘት ከካርዱ ላይ አትቀንሱ። ሌላውን ሁሉ ያገለገለ ብትገዙ አልከለክልም፣ ይህን ግን አዲስ ግዙ።

መብራት ሄዶ ሲመለስ የሚመጣውን ታውቁታላችሁ፤ ፍሪጅ የተቃጠለበት ሰው ከመካከላችን አይጠፋም። ስታቢላይዘር በጀቱ ውስጥ አስገቡ። ዩፒኤስ ከተቻለ እሰየው፣ ጌም ለማስቀጠል ሳይሆን ሥርዓት ባለው መንገድ ለመዝጋት። መብራት ሲሄድ ከግድግዳው ማጥፋትና ከተመለሰ በኋላ ትንሽ ቆይቶ ማብራት ደግሞ ነፃ ነው።

ራም ሸቀጥ ነው

ይህ ክፍል የኛው ሰፈር ነው። ሌላው የኮምፒውተር ዕቃ የፋብሪካ ምርት ነው፣ ራም ግን እንደ ቡና ነው የሚነገደው። የአንዱ ፋብሪካ ቺፕ በሌላው ይተካል፣ ስፖት ዋጋና ኮንትራት ዋጋ አለው፣ ታይዋን ውስጥ ትሬንድፎርስ የሚባል ድርጅት ዋጋውን እየተከታተለ ያወጣል። አምራቾቹ ደግሞ ከብራዚልና ከቬትናም በላይ ገበያውን የያዙ ናቸው፦ ሳምሰንግና ኤስኬ ሃይኒክስ ከደቡብ ኮሪያ፣ ማይክሮን ከአሜሪካ። ሦስቱ አንድ ላይ ከዓለም ምርት ዘጠኝ አሥረኛውን ያህል ይይዛሉ። ከነሱ አንዱ ሲያስነጥስ ዓለም ይታመማል። በሴፕቴምበር 1999 ታይዋን ላይ የመሬት መንቀጥቀጥ ሲደርስ የራም ዋጋ ዘለለ። በሴፕቴምበር 2013 የኤስኬ ሃይኒክስ የቻይናው ዉሺ ፋብሪካ ሲቃጠልም እንዲሁ። ብራዚል ላይ ውርጭ ወረደ ሲባል ኒውዮርክ እንደሚሆነው ማለት ነው።

አሁን ያለው ግን የአቅርቦት አደጋ አይደለም፣ የፍላጎት ነው። ለሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሠሩት ግዙፍ የመረጃ ማዕከላት ኤችቢኤም የሚባል ልዩ ሜሞሪ ይፈልጋሉ። ያ ሜሞሪ ለአንድ ዓይነት መጠን ከተራው ራም ወደ ሦስት እጥፍ የሚጠጋ የፋብሪካ አቅም ይወስዳል፣ ትርፉም ይበልጣል። አምራቹ ወዴት ይሄዳል? እናንተም ብትሆኑ ወደዚያው ናችሁ። በ2025 የመጨረሻ ወራት የራም ዋጋ በዓለም ገበያ እጅግ ጨመረ። በዲሴምበር 2025 ማይክሮን ክሩሻል በሚባል ስም ለተራ ሸማች ሲሸጥ የኖረውን ሥራ እንደሚተው አስታወቀ። ዲዲአር4ም አብሮ ወጥቷል፣ ምክንያቱም አምራቾቹ ፊታቸውን ከአሮጌው ትውልድ እያዞሩ ነው።

"ትንሽ ብንጠብቅ አይወርድም?" ትሉኛላችሁ። አዲስ የቺፕ ፋብሪካ ተሠርቶ ማምረት እስኪጀምር ዓመታት ይፈጃል፣ የቡና ተክል ለመጀመሪያ ምርት ሦስት አራት ዓመት እንደሚፈልገው። ስለዚህ አንድ ሁለት ወር መጠበቅ የሚያመጣው ነገር አይታየኝም። በተቃራኒው "ገዝቼ ላከማች ወይ?" ያላችሁኝም አላችሁ። እኔ አልመክርም። ራም ትውልዱ ሲያልፍ ገዢው ያንሳል፣ ዑደቱ ሲዞር ደግሞ በፍጥነት ነው የሚወርደው፤ መጋዘን የሚሞላ ሰው ሌላ የሚያውቀው ሸቀጥ አለው።

ለኮምፒውተሩ የሚበጀው እንግዲህ ይህ ነው። 32 ጊጋውን ሰርዙት። 16 ጊጋ ለዛሬዎቹ ጌሞች ይበቃል፣ ግን ሁለት ባለ 8 ይሁን እንጂ አንድ ባለ 16 አይሁን። ሁለት ሲሆን ፕሮሰሰሩ በሁለት በር ነው የሚያስገባና የሚያስወጣው፤ በተለይ 5600ጂ ለመረጠ ሰው ልዩነቱ በዓይን ይታያል። ያገለገለ ዲዲአር4 ይፈለግ፤ ራም ብዙም የሚያልቅ ነገር የለውም፣ ወይ ይሠራል ወይ አይሠራም። አዲሱ የኤኤምዲ ኤኤም5 መድረክ ዲዲአር5 ብቻ ስለሚቀበል በዚህ ዋጋ ለአነስተኛ በጀት አይመችም። ለነገ ማሻሻያ ይሻላል የሚሉ አሉ፤ ልክ ናቸው፣ ግን ለነገው ማሻሻያ ብሎ ዛሬ ካርዱን ማሳነስ ለኔ ስሌቱ አይመታም።

የበጀት ክፍፍል

ሞኒተሩን ሳይጨምር ለዋናው ሣጥን የተያዘው ብር 100 ቢሆን እኔ እንዲህ እከፋፍለዋለሁ። 37ቱ ለግራፊክስ፣ 15 ለፕሮሰሰር፣ 14 ለራም (ድሮ ከዚህ በጣም ያንስ ነበር)፣ 11 ለማዘርቦርድ፣ 9 ለኤስኤስዲ፣ 9 ለፓወር ሰፕላይ፣ 5 ለኬዝ። አንድ ሁለት ነጥብ ወዲህ ወዲያ ቢል ችግር የለም። ፕሮፎርማችሁ ላይ ግን ኬዙና መብራቱ ከፓወር ሰፕላዩ በልጦ ከተገኘ መልሱለት። ኤስኤስዲው ብር ካጠረ 500 ጊጋ ይሁን፤ አንዳንድ ጌም ብቻውን 100 ጊጋ ስለሚያልፍ ቶሎ ይሞላል፣ ግን መጨመር ይቻላል። ሞኒተሩ 1920 በ1080 ይበቃል። 6600ም 3060ም የተሠሩት ለዚያ ነው፤ የ4ኬ ስክሪን ገዝቶ ካርዱን ማስጨነቅ አያስፈልግም።

በጀቱ ከዚህም በታች ከሆነ ሌላ መንገድ አለ። ከቢሮ የወጡ ያገለገሉ የዴልና የኤችፒ ኮምፒውተሮች አሉ። 8ኛ ትውልድ ኢንቴልና ከዚያ ወዲህ የሆነ ፈልጉና ጂቲኤክስ 1650 ጨምሩበት። ይህ ካርድ ብዙው ዓይነት 75 ዋቱን ከማዘርቦርዱ ስለሚወስድ ተጨማሪ የመብራት ገመድ አይፈልግም። ሣጥኑ ጠባብ ከሆነ አጭሩን ካርድ ነው የምትፈልጉት፤ ለክታችሁ ግዙ። የእነዚህ ኮምፒውተሮች ፓወር ሰፕላይ አብዛኛውን ጊዜ ለራሳቸው ብቻ የተሠራ ነው፣ ቢበላሽ ከሱቅ የምታመጡት ላይገጥም ይችላል።

ሳምፕል ሳያዩ አለመረከብ

ያገለገለ ካርድ በብዛት ገበያ ላይ የፈሰሰው ኢቴሪየም ሴፕቴምበር 15 ቀን 2022 የማይኒንግን ሥርዓት ትቶ ወደ ሌላ ከዞረ በኋላ ነው። በሺዎች የሚቆጠሩ ካርዶች ቀንና ሌሊት ሲሠሩ ከነበሩበት መደርደሪያ ወርደው ተሸጡ። ማይኒንግ የሠራ ካርድ ሁሉ መጥፎ ነው አልልም፤ ፋኑና የሙቀት ማስተላለፊያ ቅባቱ ግን ያልቃል። ዋጋ ለመቀነስ ጥሩ መደራደሪያ ነው።

ሻጩ "ይሠራል" ብሎ ስክሪን ቢያበራላችሁ አትረከቡ። ፈርማርክ የሚባል ነፃ ፕሮግራም ካርዱን ሙሉ በሙሉ ያስጨንቀዋል። 20 ደቂቃ አስሩጡት፣ ሻይ ጠጡ። ሥዕሉ ላይ ነጠብጣብ ወይም የተቆራረጠ መስመር ከታየ፣ ኮምፒውተሩ ከጠፋ፣ ሙቀቱ 85 ዲግሪ አልፎ መውጣቱን ከቀጠለ ተዉት። ፋኑን በጆሮ ስሙ፤ የሚንኳኳ ከሆነ ቅናሽ ጠይቁ። ለኤስኤስዲው ክሪስታልዲስክኢንፎ የቀረውን ጤና በመቶኛ ያሳያል። ማስፈተን የማይፈልግ ሻጭ ጋር ቀብድም አትስጡ።

አንድ ጎንዮሽ ነገር፦ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ አየሯ ከባሕር ዳርቻ አየር በ20 በመቶ ገደማ የሳሳ ነው። የሳሳ አየር ሙቀት የመውሰድ አቅሙ ያንሳል። ስለዚህ ኢንተርኔት ላይ "ይህ ካርድ 68 ዲግሪ ነው የሚሠራው" ብለው የሚጽፉት እናንተ ጋ ትንሽ ከፍ ቢል አትደንግጡ። ግን አቧራውን በየሦስት ወሩ አስነፉት፣ ኬዙንም ግድግዳ ውስጥ አትወሽቁት።

ዱባይ ዘመድ ያላችሁ ቡር ዱባይ፣ ኻሊድ ቢን አል ወሊድ ጎዳና ላይ የኮምፒውተር ሱቆች ተደርድረው ታገኛላችሁ፤ ዋጋ ለማነጻጸርም ይጠቅማል። ከዚያ ማስመጣት የሚያዋጣው ቀላልና ውድ የሆነው ነው፣ ካርዱ፣ ፕሮሰሰሩና ራሙ። ኬዝና ሞኒተር እዚሁ ይገዛ፣ ኪሎ ነው የሚበላው። ራይዘን 5600 ከሥሩ ጥቃቅን መርፌዎች ስላሉት በፕላስቲክ ማስቀመጫው ካልሆነ በላስቲክ ጠቅልላችሁ ሻንጣ ውስጥ አትጣሉት፤ አንዷ ከታጠፈች ማቅናቱ የሰዓት ሠሪ ሥራ ነው። ጉምሩክ ላይ የሚከፈለውንም ሰውየው ከመነሳቱ በፊት አጣሩ፣ ልዩነቱን ሊበላው ይችላል።

ፕሮፎርማ ያላችሁ የካርዱን ሙሉ ስምና የፓወር ሰፕላዩን የ12 ቮልት ሠንጠረዥ ፎቶ አንስታችሁ ኮሜንት ላይ ጣሉት፣ በየተራ አያለሁ። ሰኞ ጠዋት የሰሊጥና የማሾ ዋጋ ይዤ እመጣለሁ።